በወረቀት ላይ የሚሰፋ ኩዊልት፦ ከልብስ ሰፊ ቤት ቁርጥራጭ ሹል ኮከብ ማውጣት

ጨርቅ ቀጥ አድርጌ መቁረጥ አልችልም። ስፌት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ መቀስ ስይዝ ግን እጄ ዛሬም ወደ ግራ ይሸሻል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ሹል ኮከብና ስለ ቀጥ ያለ መስመር ሳወራ «ይሄማ የእኔ እጅ ሥራ አይደለም» ብላችሁ እንዳትተዉት ነው። በዚህ ዘዴ ቁርጥራጩ ጨርቅ ንድፍ በተሳለበት ወረቀት ላይ ይሰፋል፤ ወረቀቱ በመጨረሻ ተቀዶ ይወጣል። ስለዚህ ልክ የሚጠብቀው መቀሱ ሳይሆን ወረቀት ላይ የተሰመረው መስመር ነው። ጨርቁን አጣማችሁ ብትቆርጡት፣ በእጃችሁ ብትቀድዱት እንኳ፣ ስፌቱ መስመሩን እስከተከተለ ድረስ ጫፉ ሹል ሆኖ ይወጣል።

ኩዊልት ለማያውቅ፦ ከቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ መሐሉ ሙቀት የሚይዝ ነገር፣ ከሥሩ ደግሞ ገበር ያለውና ሦስቱ ባንድ ላይ የተሰፉ የአልጋ ልብስ ነው። ፊቱ በትናንሽ ካሬዎች ይሠራል። ፈረንጆቹ ብሎክ ይሏቸዋል። እኔ «ዛሬ 3 ብሎክ ጨረስኩ» ስል እቤት ያሉት አጥር የማስገነባ ስለሚመስላቸው ካሬ ማለቱን መርጫለሁ። ካሬዎቹ ንድፋቸው የተለያየ ሲሆን ኩዊልቱ ሳምፕለር ይባላል፤ የናሙና መደብ እንደማለት ነው። ከሰማኋቸው ሁሉ የገረመኝ፣ ጄን ስቲክል የተባለች የአሜሪካ ቨርሞንት ሴት በእርስ በርስ ጦርነታቸው መሐል፣ እ.ኤ.አ. በ1863 የጨረሰችው ነው። ጥጉ ላይ ዓመቱንና የቁራጩን ብዛት አስፍራበታለች፦ 5,602። የእኛ ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። 20 ካሬ ያለው፣ 85 በ105 ሴ.ሜ. የሆነ የሕፃን አልጋ ልብስ እንሠራለን።

ጨርቁ

ሀዋሳ ውስጥ ካላችሁ በሜትር ከመግዛታችሁ በፊት የልብስ ሰፊዎቹን ጆንያ ጠይቁ። መጀመሪያ ገበያ ውስጥ አንድ ሽማግሌ ሰፊ ዘንድ የሄድኩ ቀን እንዲህ ተባባልን።

«ጋሼ፣ ይሄን ቁርጥራጭ ይሸጡልኛል?»

«ለትራስ መሙያ ነው?»

«አይደለም፣ ልሰፋው ነው።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ከምን ጋር?»

«እርስ በርሱ። ወረቀት ላይ አድርጌ።»

«መርፌሽን ትጨርሺያለሽ እንጂ!» አሉና ጆንያውን በነፃ ሰጡኝ። ስለ መርፌው እውነታቸውን ነበር፤ እመለስበታለሁ።

ከጆንያው የምትመርጡት የማይለጠጥ ስስ ጥጥ ነው፦ የሸሚዝ ጨርቅ፣ ፖፕሊን፣ የአንሶላ ትራፊ፣ አቡጀዲ። የቲሸርት ጨርቅ ስለሚለጠጥ፣ ጂንስ ደግሞ ስፌቶች ሲገናኙ ጉብ ስለሚል ተዉት። ጥጥ መሆኑን ከተጠራጠራችሁ አንድ ክር መዛችሁ አቃጥሉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸትና አመዱ በጣት ሲነካ ይበናል። ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ፖሊስተር ከጥጥ ጋር ሲቀላቀል ካውያ ላይ የተለየ ጠባይ ስላለው እኔ ለይቼ አስቀምጠዋለሁ።

ሁሉንም ከመስፋታችሁ በፊት እጠቡ። ቀዩንና ጥቁር ሰማያዊውን ለየብቻ፣ ውሃው እስኪጠራ ድረስ። ይህን የዘለለ ሰው ኩዊልቱ ካለቀ በኋላ ነጩ ካሬ ሮዝ ሆኖ ያገኘዋል። ሲደርቅ ተኩሱት፤ የተጨማደደ ጨርቅ ወረቀት ላይ ተኝቶ አይገኝም።

ቀለም ስትመርጡ ከቀለሙ ይልቅ ድምቀቱን አስቡ፤ ጠቆር ያለ፣ መሐከለኛና ፈካ ያለ ያስፈልጋችኋል። ቀይና አረንጓዴ ለዓይን በጣም የተለያዩ ቢመስሉም ድምቀታቸው እኩል ከሆነ ንድፉ ይጠፋል። መለያው ቀላል ነው። ጨርቆቹን ዘርግታችሁ በስልካችሁ ጥቁርና ነጭ ፎቶ አንሱ። ፎቶው ላይ አንድ ዓይነት ግራጫ የሆኑትን ሁለት ጨርቆች ጎን ለጎን አታድርጉ።

የሀበሻ ቀሚስ ጥለት ትራፊ ካላችሁ አትጣሉት፤ አንዱ ንድፍ ላይ ቦታ አለው።

ሌላው ዕቃ

መኪናው ማንኛውም ቀጥ አድርጎ የሚሰፋ ይሁን። የእኔው በእግር የሚሠራ አሮጌ ሲንጀር ነው፤ መብራት ሲጠፋ የማይቆም ብቸኛው የቤቴ ዕቃ እሱ ነው። መርፌው ወፈር ያለ፣ 90/14 የሚል የተጻፈበት ይሁን። ወፍራም መርፌ ወረቀቱን በደንብ ስለሚበሳው በኋላ መቅደድ ይቀላል። ወረቀት መርፌ ያደንዛል። ስለዚህ የወረቀት መርፌና የልብስ መርፌ ለየብቻ ይኑራችሁ፤ ጋሼ ያሉት ይህንን ነው። መርፌው ጨርቅ ሲወጋ «ጧ ጧ» ማለት ከጀመረ ለውጡት።

ስፌቱ ደቃቅ ይሁን። አሮጌ መኪና ላይ ያለው ቁጥር ብዙ ጊዜ ስለማይታመን በመለማመጃ ወረቀት ላይ 3 ሴ.ሜ. ስፉና ቁጠሩ። ከ18 እስከ 20 ቀዳዳ ካገኛችሁ ልክ ነው። ከዚያ ካነሰ ወረቀቱ ሲቀደድ ስፌቱን ይጎትተዋል። በጣም ከደቀቀ ደግሞ ወረቀቱ ገና ሳትጨርሱ ይበጠሳል፤ ተሳስታችሁ መተርተር ሲመጣ ምላጭ የምታስገቡበት ቦታ አይኖርም።

ክሩ ስስ፣ ቀለሙ ግራጫ ወይም ገብስማ ይሁን፤ ሁሉም ጨርቅ ላይ ይደበቃል። ከዚህ ሌላ ማስመሪያ፣ እርሳስ፣ ስፒል፣ መቀስ፣ ወረቀት የሚያጣብቅ ደረቅ ኮላ፣ ወረንጦ፣ ካውያና አንድ ጠንካራ ካርቶን ይበቃል። ካርቶኑ የሻይ ቅጠል ማሸጊያ ቢሆን ይሆናል፤ ጠርዙ ቀጥ ማለቱ ነው ዋናው።

ወረቀቱስ? ተራው ኤ ፎር ይሠራል፤ ስስ የሆነው ይመረጣል። የታተመ ጋዜጣ አትጠቀሙ፤ ቀለሙ ጨርቅ ላይ ይቀራል።

ንድፉን መሳል

ብዙ ሰው ንድፍ ከኢንተርኔት አውርዶ ያሳትማል። በእጅ መሳሉ ግን አንድ የማይገኝ ነገር ያስተምራል፦ የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ቀጥሎ እንደሚሰፋ። ሕጉ አንድ ነው። እያንዳንዱ አዲስ ቁራጭ ከዚያ በፊት ከተሰፉት ጋር በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ብቻ መገናኘት አለበት። መስመሩ የሚሰበር ከሆነ ንድፉ በክፍል ተከፋፍሎ፣ ክፍሎቹ ለየብቻ ተሰፍተው መገጣጠም አለባቸው።

ለሁሉም ንድፍ መነሻው 15 በ15 ሴ.ሜ. ካሬ ነው። ዙሪያውን በ7 ሚ.ሜ. ርቀት ሌላ ካሬ አስምሩ፤ ጎኑ 16.4 ሴ.ሜ. ይሆናል። የውስጡ የስፌት መስመር፣ የውጪው የመቁረጫ መስመር ነው። መሐሉ ያለው 7 ሚ.ሜ. የስፌት ትርፍ ነው።

አንደኛው፣ ሁለት ወፎች። ካሬውን በቁመቱ መሐል በአግድም መስመር ለሁለት ክፈሉ። ከታችኛው ግማሽ፣ ከአግድም መስመሩ መሐል ነጥብ ተነስታችሁ ወደ ሁለቱ የታች ጥጎች አስምሩ። ከላይኛው ግማሽ፣ ከላይኛው ጠርዝ መሐል ነጥብ ተነስታችሁ ወደ አግድም መስመሩ ሁለት ጫፎች አስምሩ። የታችኛው ትልቅ ሦስት ማዕዘን 1፣ ግራው 2፣ ቀኙ 3፤ የላይኛው ትልቅ ሦስት ማዕዘን 4፣ ግራው 5፣ ቀኙ 6።

ሁለተኛው፣ እንጨት በእንጨት ላይ የተረበረበ የሚመስለው ነው። እኔ ከላይ ሳየው ዙር በዙር የተሰፋ መሶብ ይመስለኛል። መሐሉ ላይ ጎኑ 3 ሴ.ሜ. የሆነ ካሬ ሳሉ፤ ከዚያ 7፣ 11 እያላችሁ እስከ 15 ድረስ አንዱን በሌላው ውስጥ ሳሉ። በየዙሩ 2 ሴ.ሜ. ስፋት ይቀራል። አሁን ከውስጥ ጀምራችሁ፣ የእያንዳንዱን ካሬ የታች መስመር ወደ ቀኝ፣ የግራ መስመሩን ወደ ታች፣ የላይ መስመሩን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ እስከሚቀጥለው ካሬ ድረስ አስረዝሙ። ቁጥሩ ከመሐል ይነሳል፦ መሐሉ 1፣ ቀኝ 2፣ ታች 3፣ ግራ 4፣ ላይ 5፣ እንደገና ቀኝ 6 እያለ እስከ 13። ቀኝና ታቹን በፈካ፣ ግራና ላዩን በጠቆረ ጨርቅ ብትሠሩት ካሬው በሰያፍ ለብርሃንና ለጥላ ይከፈላል።

ሦስተኛው፣ ባለ 4 ጨረር ኮከብ። ይህ በ4 ሩብ የሚሠራ ነው። ጎኑ 7.5 ሴ.ሜ. የሆነ ካሬ ሳሉ፤ ከነትርፉ 8.9 ይሆናል። አንዱን ጥግ «መሐል» በሉት፤ ተቃራኒውን ጥግ «ጫፍ»። ከመሐል በሁለቱም ጎን 3 ሴ.ሜ. ለክታችሁ ነጥብ አድርጉ፤ ከሁለቱ ነጥቦች ወደ ጫፍ አስምሩ። በሁለቱ መስመሮች መሐል ያለው የኮከቡ ጨረር 1 ነው፤ ግራና ቀኙ 2 እና 3። አራት ሩብ ሠርታችሁ «መሐል» የሚለው ጥግ ሁሉ ሲገናኝ ኮከቡ ይወጣል።

አራተኛው የመለማመጃው ነው፤ ስፌቱን ከዚህ ጀምሩ። በካሬው ላይ ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ 3 ሴ.ሜ. ስፋት ያለው መንገድ አስምሩ፤ ግራና ቀኙን በፈለጋችሁት ስፋት ሰያፍ መስመር ሙሉት። መሐሉ ላይ ያንን የጥለት ትራፊ አድርጉ። ጥለት ወፍራም ስለሆነ አንድ ብቻ ይበቃል፤ የሚያብረቀርቅ ክር ካለው ካውያውን ቀዝቀዝ አድርጋችሁ፣ ከላዩ ሌላ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ተኩሱ።

20 ካሬ ለማድረስ እነዚህን አራቱን መለዋወጥ ይቻላል። ወፎቹን 3 አድርጉ፣ የኮከቡን ጨረር በመሐሉ ለሁለት ከፍላችሁ ግማሹን ጠቆር አድርጉት፣ የመሶቡን መሐል ወደ ጥግ ግፉት።

አንዱን ንድፍ ማባዛት

ፎቶ ኮፒ ቤት ከሄዳችሁ ሁሉንም ከዋናው አስነሱ፤ ከኮፒው ኮፒ አታስነሱ። ስትቀበሉ እዚያው ቆማችሁ 15 ሴ.ሜ. መስመሩን ለኩት። 14.8 የሆነ ወረቀት ይዤ ቤት ገብቼ ግማሽ ቀን የሠራሁት ካሬ ከወንድሞቹ ጋር አልገጥም ብሎኝ ያውቃል።

እኔ አሁን ኮፒ አላስነሳም። ንድፉን ከላይ አድርጌ 6 ወይም 7 ባዶ ወረቀት ከሥሩ እደርባለሁ፣ ጥጎቹን በስፒል እይዛለሁ፣ ከመኪናው የላይኛውንም የታችኛውንም ክር አወጣና በባዶ መርፌ መስመሮቹ ላይ እሰፋለሁ። ሁሉም ወረቀት ላይ መስመሩ በቀዳዳ ይወጣል። ቁጥሩን በእርሳስ እጽፋለሁ። ሦስት ጥቅም አለው፦ መስመሩ ከሁለቱም ወገን ይታያል፣ በመስመሩ ላይ ማጠፍ ይቀላል፣ በመጨረሻም ወረቀቱ እንደ ቴምብር ይቀደዳል። ብቻ በረንዳ ላይ አትሥሩት። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሳው ነፋስ 14 የኮከብ ሩቤን የጎረቤት ግቢ ውስጥ በትኖብኛል።

የመጀመሪያው ስፌት

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ቀስ ብላችሁ ተከተሉኝ። ለማሳያ የሁለት ወፎችን ንድፍ ይዘን እንሥራ፤ በመለማመጃው ንድፍም አሠራሩ ያው ነው።

ወረቀቱ ሁለት ፊት አለው፤ ቁጥር የተጻፈበትና ባዶው። ጨርቅ ሁልጊዜ ባዶው ላይ ይቀመጣል፤ ስፌት ሁልጊዜ ቁጥር ባለው በኩል ይሰፋል። ይህ ስለሆነም የሚወጣው ንድፍ እንደ መስታወት የተገለበጠ ነው። ለወፎቹና ለኮከቡ ለውጥ የለውም። ፊደል ለምትሠሩ ግን አለው። ለእህቴ ልጅ የስሟን መነሻ «ለ» ሠርቼላት፣ ወረቀቱን ቀድጄ ስገልጠው ፊደሉ ፊቱን አዙሮብኝ ቁጭ አለ። ትራሷ ላይ እስከ ዛሬ አለ፤ እሷ «የእኔ ለ» ትለዋለች።

ለ1 ቁጥር 19 በ12 ሴ.ሜ. የሚሆን ጨርቅ ቁረጡ። ወረቀቱን ገልብጣችሁ ባዶው ላይ የ1ን ቦታ የሚሸፍን አድርጋችሁ አስቀምጡት፤ የጨርቁ ፊት ወደ እናንተ ያያል። አሁን ወረቀቱን አንስታችሁ መስኮቱ ላይ ለጥፉት። የጨርቁ ጥላ ከ1 ቁጥር መስመሮች ሁሉ ቢያንስ 7 ሚ.ሜ. አልፎ መታየት አለበት፤ በጠርዙ በኩል ደግሞ እስከ መቁረጫው መስመር መድረስ አለበት። ካልደረሰ አስተካክሉ። ከደረሰ ትንሽ ኮላ ነክታችሁ አጣብቁት።

ካርቶኑን ቁጥር ባለው ፊት፣ በ1 እና በ2 መሐል ባለው መስመር ላይ አስደግፉና ወረቀቱን በካርቶኑ ላይ ወደኋላ እጠፉት። ከእጥፋቱ ውጪ የወጣውን ጨርቅ 7 ሚ.ሜ. አስቀርታችሁ ቁረጡ። ካርቶኑን አውጡ፣ ወረቀቱን መልሱ። ያ አሁን የቆረጣችሁት ጠርዝ ለሚቀጥለው ጨርቅ መሪ ነው። ይህን ያልቆረጠ ሰው 2ን በግምት ያስቀምጣል፤ ግምት ባለበት ደግሞ ይሄ ዘዴ ጥቅሙ ይቀራል።

ለ2 እና ለ3 ጎኑ 12 ሴ.ሜ. የሆነ ካሬ ቆርጣችሁ በሰያፍ ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ሦስት ማዕዘን ከ1 ጋር ፊት ለፊት አጋጥሙት፤ ረጅሙ ጎኑ በቆረጣችሁት ጠርዝ ላይ በልኩ ይተኛል። ከጠርዙ 7 ሚ.ሜ. ገባ ብላችሁ፣ ልክ ስፌቱ በሚያልፍበት ላይ በስፒል ያዙት።

ቁሙ። እስካሁን አልሰፋችሁም። ጨርቁን በስፒሉ ላይ እንደ መጽሐፍ ገጽ ገልብጡትና ወረቀቱን እንደገና መስኮቱ ላይ አድርጋችሁ እዩ። 2 ቁጥር ቦታውን ከነትርፉ ሸፍኗል? ከሸፈነ መልሱትና ስፉ። ካልሸፈነ አሁን ነው የሚስተካከለው። የማስተምረው ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህቺን ናት። አንዲት ጎረቤቴ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ ኮሌታ ስትሰፋ ትውላለች፤ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ በከተማችን እንደሷ እጁ የፈጠነ ብዙ ነው። ካሬ ላሳያት ስቀመጥ ከእኔ ሦስት እጥፍ ትፈጥን ነበር። አራት ቁራጭ ላይ ስትደርስ 3 ቁጥሯ ጥግ ላይ አንድ ጣት ጎድሎ አገኘችው። ምላጭ አነሳች፤ ያንን ደቃቅ ስፌት ስትተረትር ሻዩ ቀዘቀዘ። ከዚያ ወዲህ ሳትገለብጥ ሰፍታ አታውቅም፤ እኔን አሁን ስትቀድመኝ ሁለት እጥፍ ብቻ ነው።

ሲሰፋ ቁጥር ያለበት ፊት ከላይ ይሁን። መስመሩ ከመጀመሩ 3 መርፌ ያህል ቀድማችሁ ጀምሩ፤ ካለቀ በኋላ 3 መርፌ እለፉ። መመለስና ማጠንከር አያስፈልግም፤ የሚቀጥለው ስፌት አቋርጦት ያልፋል። ስፒሉን ከማለፋችሁ በፊት ንቀሉ። ከዚያ ጨርቁን ገልብጡና ከጨርቁ ወገን በደረቅ ካውያ ተኩሱ። ውሃ አትርጩ፤ እንፋሎት ወረቀቱን ያኮማትረዋል። ኮፒ ከሆነ ቀለሙ ሞቆ ስለሚለቅ መተኮሻው ላይ አሮጌ ጨርቅ አንጥፉ። መብራት ከሌለ በማንኪያ ጀርባ ስፌቱን ጫን አድርጋችሁ አስኪዱበት፤ በደንብ ይተኛል። ዋናው፣ ስፌቱ አጠገብ ትንሽ እጥፋት ተደብቆ እንዳይቀር ነው። ተደብቆ ከቀረ ካሬው በግማሽ ሚሊ ያንሳል፤ 13 ቁራጭ ባለው መሶብ ላይ ደግሞ ግማሽ ሚሊ እየተደመረ ሄዶ ይታያል።

አሁን በ1 እና በ3 መሐል ያለውን መስመር እጠፉ። ሲታጠፍ ቀድሞ አሳልፋችሁ የሰፋችሁት 3 መርፌ ከወረቀቱ ይላቀቃል፤ ችግር የለውም። ቁረጡ፣ አጋጥሙ፣ ገልብጡ፣ እዩ፣ ስፉ፣ ተኩሱ። 4 ቁጥር በአግድም መስመሩ ላይ ሲሰፋ የመጀመሪያው ወፍ፣ ማለትም የ1 ቁጥር ሦስት ማዕዘን፣ አናት በትክክል ስፌቱ ሥር ይገባል። ስትገልጡት ያ አናት ሳይቆረጥ፣ ሳይደበዝዝ ቁጭ ሲል ታዩታላችሁ። በመቀስና በልኬት ብቻ ለመሥራት ዓመት የሚፈጅ ነገር ነው።

6ቱም ሲያልቁ በውጪው መስመር ላይ ወረቀቱንና ጨርቁን ባንድ ላይ ቁረጡ። 16.4 ሴ.ሜ. ካሬ ይኖራችኋል። ከዚያ በፊት ዙሪያውን አትከርክሙ።

አንድ ነገር ስለ ጨርቁ አቅጣጫ። ጨርቅ በቁመቱና በአግድሙ አይለጠጥም፣ በሰያፉ ግን ይለጠጣል። የካሬው ውጪያዊ ጠርዝ ላይ የሚውለው ጎን ቀጥታው እንጂ ሰያፉ ባይሆን ይመረጣል። ለ2 ካሬ ቆርጠን በሰያፍ የከፈልነው ለዚህ ነው፤ ሰያፉ ወደ ውስጥ ገባ፣ ቀጥታው ጠርዝ ሆነ።

ሩቦቹን ማጋጠም

ኮከቡ ላይ 4 ሩብ አለ። ሁለቱን ፊት ለፊት አድርጋችሁ፣ ከጨረሩ ስፌት ጫፍ ላይ አንድ ስፒል ቀጥ አድርጋችሁ አሳልፉ፤ በሌላኛው ሩብ ላይም በዚያው ነጥብ መውጣት አለበት። ወረቀቱ ላይ መስመሩ ስለሚታይ በግምት አይደለም። መጀመሪያ በረጅም ስፌት ሰፍታችሁ ገልጣችሁ እዩ፤ ከገጠመ በላዩ በደቃቁ ድገሙት፤ ካልገጠመ ረጅሙን በአንድ ጊዜ ስባችሁ ታወጡታላችሁ። ከዚያ የስፌት ትርፉ ላይ ያለውን ወረቀት ብቻ ቅደዱና ትርፉን ግራና ቀኝ ከፍታችሁ ተኩሱት። መሐሉ ላይ 4 ጥግ ስለሚገናኝ ወደ አንድ ወገን ከተኛ ጉብ ይላል።

ካሬዎቹን በመንገድ መለያየት

ካሬዎቹን ቀጥታ ማገናኘት ይቻላል፤ ለጀማሪ ግን በመሐላቸው 5 ሴ.ሜ. መንገድ፣ ማለትም የሚለያያቸው የጨርቅ ጥብጣብ፣ ማድረግ ይሻላል፤ ትንሽ የተዛባውን ይደብቃል። ስፋቱ 150 ሴ.ሜ. የሆነ አንድ ወጥ ጨርቅ 70 ሴ.ሜ. ግዙ። ከሱ 6.4 በ16.4 የሆኑ 25 አጫጭርና 6.4 በ86.4 የሆኑ 6 ረጃጅም ቁረጡ። በአንድ ረድፍ 4 ካሬ፣ 5 አጭር መንገድ፤ ረድፎቹ 5፤ ከላይ፣ ከታችና በየመሐሉ ረጅሙ መንገድ።

ወረቀቱን እስከዚህ ድረስ አትቅደዱት። የካሬው ጠርዝ ላይ ያለው ወረቀት ጨርቁ እንዳይለጠጥ ይይዘዋል፤ ልኩንም ያሳያችኋል። ሁሉም ከተያያዘ በኋላ ከመጨረሻው ቁጥር ወደ መጀመሪያው እየተመለሳችሁ ቅደዱ። ስፌቱን በአውራ ጣት ጥፍር ጫን አድርጋችሁ ይዛችሁ፣ ወረቀቱን ወደ ጎን ሳቡት፤ ወደ ላይ አትጎትቱ። ጥጎች ላይ የሚቀረውን በወረንጦ። ይሄ ሥራ አሰልቺ ነው፤ እኔ ቡና ሲፈላ ለሚመጣ ሰው ሁሉ አንዳንድ ካሬ አስይዛለሁ።

መሐሉና ገበሩ

መሐሉ ላይ የሚገባውን ሙቀት የሚይዝ ነገር ከሩቅ አትፈልጉ። አሮጌ ጋቢ ይበቃል። አራት ድርብ ጥጥ ስለሆነ ይሞቃል፣ ብዙ ጊዜ ስለታጠበም ከዚህ በኋላ አይኮማተርም። የተቀደደው ቦታ ላይ ትንሽ ልጥፍ አድርጉበት። ቡሉኮ ግን ይከብዳል፤ መርፌም አያሳልፍም። ገበሩ አቡጀዲ ወይም አሮጌ አንሶላ ይሁን፤ ጋቢውም ገበሩም ከፊቱ በየጎኑ 5 ሴ.ሜ. ይብለጥ።

ገበሩን ፊቱን ወደ ታች አንጥፉ፣ ጋቢውን አልብሱት፣ በላዩ የተሠራውን ፊት ወደ ላይ አድርጋችሁ ከመሐል ወደ ዳር እየዳበሳችሁ ዘርጉት። በየ10 ሴ.ሜ. በድርብ ክር ሦስቱን ወግታችሁ ቋጠሮ አድርጉ፤ ወይም በመኪና መንገዱ ዳር ዳሩን ስፉ። ዳሩን ከርክሙ። 6 ሴ.ሜ. ስፋት ያላቸውን ጥብጣቦች ቀጣጥላችሁ 4 ሜትር ከ10 አድርጉ፣ ለሁለት አጥፋችሁ ዙሪያውን ጠርዙት።

የመጀመሪያው እጥበት በቀዝቃዛ ውሃ ይሁን፤ አትጭመቁት፤ ጥላ ላይ አስጡት። ከመታጠቡ በፊት ግን ገበሩ ጥግ ላይ፣ ጄን ስቲክል እንዳደረገችው ዓመቱንና የቁራጩን ብዛት በክር ጻፉ። የእኔ የመጀመሪያው «ሀዋሳ፣ 231 ቁራጭ» ይላል። ባለፈው ወር የእህቴ ልጅ ጣቷን እያስኬደች ቆጥራው 229 ነው አለችኝ። ገና አልተረተርኩትም።